የቄስ ልጅ፣ የመብረቅ ተማሪ፦ የኒኮላ ቴስላ ሕይወት

ባለፈው የትምህርት ዕረፍት ወደ ቦምቤ ስመጣ፣ ከመጻሕፍቴ ጋር አንዲት ትንሽ የመስተዋት ኳስ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ከትልቅ ብርቱካን አትበልጥም። ከሥሯ ጥቁር መቀመጫ አላት። ሽቦዋ ሶኬት ላይ ሲሰካ፣ በመካከሏ ካለችው ክብ ጉብታ ሐምራዊና ሮዝ የሚመስሉ የብርሃን ክሮች እየተጠማዘዙ ወደ ዙሪያዋ ይዘረጋሉ። ጣት ሲያሳርፉባት ክሮቹ ተሰብስበው ወደዚያ ጣት ይመጣሉ። አታቃጥልም፤ አትነዝርም። ስሟ የፕላዝማ ኳስ ነው።

እሑድ ከሰንበት ትምህርት በኋላ በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ መስኮቱን በጋቢ ጋርደን ለልጆቹ አሳየኋቸው። ስሟን ስናገር ትልልቆቹ ሳቁ። በእነርሱ ዘንድ ፕላዝማ ማለት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሰሌዳው አጠገብ ቆሞ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ቴሌቪዥን ነውና። ትንንሾቹ ግን ጣታቸውን ለማሳረፍ ተሰለፉ። ከኋላ ቆመው ይመለከቱ የነበሩ አንዲት እናት የልጃቸውን ክንድ ሳብ አድርገው ይዘው፣ ይህ ነገር ጥንቆላ እንዳይሆን በትሕትና ጠየቁኝ። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት መብራት ሄደ። ኳሷም ጠፋች። በጨለማው ውስጥ አንድ ልጅ ደግሞ ማን እንደ ሠራት ጠየቀኝ።

ለሁለቱም ጥያቄ በወጉ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለእኒያ እናትና ለዚያ ልጅ የዘገየ መልስ ነው።

አስቀድሜ ለእናቲቱ ጥያቄ ልመልስ። በኳሷ ውስጥ ጥንቆላ የለም። ከውስጧ አየሩ ተመጥጦ ወጥቶ፣ በምትኩ እንደ ኒዮንና አርጎን ያሉ ጋዞች በመጠኑ ገብተውባታል። በመቀመጫዋ ውስጥ ያለው መሣሪያ የኤሌክትሪኩን ቮልት ወደ ብዙ ሺህ ከፍ ያደርገዋል፤ አቅጣጫውንም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ ይለዋውጠዋል። ያን ጊዜ ከጋዙ አቶሞች ኤሌክትሮኖች ይላቀቃሉ፤ ጋዙም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍና ብርሃን የሚሰጥ ይሆናል። ከጠጣር፣ ከፈሳሽና ከጋዝ ቀጥሎ አራተኛው የቁስ ሁኔታ የሚባለው ይህ ነው፤ ስሙም ፕላዝማ ይባላል። ፀሐይና ከዋክብት ፕላዝማ ናቸው። በክረምት ከደመና የሚወርደው መብረቅም መንገዱን የሚያበራው አየሩን ፕላዝማ እያደረገ ነው። ሰውነታችን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ጣታችን መስተዋቱን ሲነካ ለኤሌክትሪኩ የቀለለ መንገድ ይሆንለታል፤ ክሮቹ ወደ ጣት የሚሰበሰቡት ስለዚህ ነው። በመስተዋቱ በኩል የሚያልፈው ኮረንት እጅግ ጥቂት በመሆኑ አይጎዳም። ቢሆንም በኳሷ ላይ ብረት አስቀምጦ መንካት አይገባም፤ በልቡ ላይ የሐኪም መሣሪያ የተገጠመለት ሰውም አይጠጋት።

የልጁ ጥያቄ ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ኳሷ ዛሬ በምናያት መልክ የተሠራችው በ1970ዎቹ በአሜሪካ ሲሆን፣ ከሠሯት ሰዎች አንዱ ቢል ፓርከር የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የሐሳቡ አባት ግን ከዚያ አስቀድሞ የኖረው ኒኮላ ቴስላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁባቸው በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቴስላ በ1856 በጁላይ ወር ስሚልያን በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። መንደሪቱ በዚያን ዘመን በኦስትሪያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በክሮኤሽያ ውስጥ ናት። አባቱ ቄስ ሚሉቲን የሰርብ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ። እናቱ ወይዘሮ ጁካም የቄስ ልጅ ናቸው። እናቱ ማንበብ አልተማሩም፤ ነገር ግን ለቤት ሥራ የሚረዱ መሣሪያዎችን በእጃቸው እየፈለሰፉ ይሠሩ ነበር፤ ረጃጅም የሀገራቸውን ግጥሞችም በቃላቸው ይዘው ይወጧቸው ነበር። ቴስላ ከሸመገለ በኋላ ስለ ሕይወቱ ሲጽፍ፣ የፈጠራ ተሰጥኦውን ያገኘው ከእናቱ መሆኑን መስክሯል።

ትንሽ ልጅ ሳለ አንድ ብርዳማና ደረቅ ቀን ድመቱን ሲደባብስ፣ ከጠጉሯ ላይ ትንንሽ የብርሃን ብልጭታዎች ሲወጡ አየ። አባቱ ይህ ነገር በነጐድጓድ ጊዜ ከሚታየው መብረቅ ጋር አንድ መሆኑን ነገሩት። ልጁም ኤሌክትሪክ ምንድር ነው እያለ መጠየቅ የጀመረው ያን ጊዜ እንደ ሆነ በእርጅናው ዘመን ጽፏል። እንግዲህ መብረቅና የድመት ጠጉር አንድ መሆናቸውን ለቴስላ አስቀድመው የነገሩት ሰው ካህን ነበሩ ማለት ነው።

ቤቱ ሐዘን ያልጐበኘው አልነበረም። እጅግ ብልህ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ዳኔ በፈረስ አደጋ ሞተ። ከዚያ በኋላ የወላጆቹ ተስፋ ሁሉ በኒኮላ ላይ ወደቀ። አባቱ እንደ እርሳቸው ካህን እንዲሆን ወሰኑ። ልጁ ግን መሐንዲስ መሆን ይመኝ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ በ1873 ወደ ቤቱ ሲመለስ ኮሌራ ያዘው፤ ዘጠኝ ወር ያህል ከአልጋ አልወረደም። ሊሞት በተቃረበ ጊዜ፣ ምሕንድስና እንዲማር ቢፈቅዱለት ምናልባት እንደሚድን ለአባቱ ነገራቸው። አባትም ከዓለም ወደሚበልጠው የምሕንድስና ትምህርት ቤት እልከዋለሁ ብለው ቃል ገቡ። ልጁም ዳነ፤ አባትም ቃላቸውን ጠበቁ።

በ1875 በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ ወደሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። በሁለተኛው ዓመት መምህሩ ግራም የሚባለውን የኤሌክትሪክ ማሽን ለተማሪዎች አሳዩ። ማሽኑ በሚዞርበት ቦታ ላይ ኮረንቱን የሚያቀብሉት ብሩሾች እሳት ይተፉ ነበር። ቴስላ ተነሥቶ፣ ያለ ብሩሽ በተለዋዋጭ ኮረንት የሚዞር ሞተር መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። መምህሩ ግን ይህ ከቶ የማይሆን መሆኑን በሰፊው አስረዱት። ተማሪው ዝም አለ፤ ጥያቄው ግን ከልቡ አልወጣም።

ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በብዙ መጻሕፍት በቸልታ ይታለፋል፤ እኔ ግን አላልፈውም። ይህ ብሩህ ተማሪ በሦስተኛው ዓመት ቁማር መጫወት ጀመረ። የትምህርት ድጋፍ ገንዘቡም ተቋረጠ። ፈተና ሳይወስድ፣ ዲግሪ ሳያገኝ በ1878 መጨረሻ ከግራዝ ወጣ። ትምህርቱን ማቋረጡን ቤተ ሰቡ እንዳያውቁበት ደብዳቤ መጻፍ አቆመ፤ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ በንድፍ ሥራ ተቀጠረ። አባቱ ፈልገው አገኙትና ትምህርቱን እንዲቀጥል ለመኑት፤ አልሰማም። በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ወዲያው በ1879 አባቱ ዐረፉ። ቁማሩን ያስተወው ቁጣ አልነበረም። እሱ ራሱ እንደ ጻፈው፣ እናቱ ያላቸውን ገንዘብ ሁሉ ጠቅልለው አስጨበጡትና፣ ሂድ ተጫወት፣ ሁሉን ቶሎ ብታጠፋው ይሻላል አሉት። በዚያው ቀን ሱሱ ተቈረጠለት።

ይህን ሳነብ ለምን እንደ ነደደኝ ልንገራችሁ። እኔም በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ መንፈቅ ውጤቴ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ደርሶኝ ነበር። እናቴ ስትደውል ደኅና ነኝ፣ ትምህርቱም ደኅና ነው እላት ነበር። ከዚያም ስልክ ማንሣት ቀነስሁ። ሰው የሚደበቀው ከሚጠላው ብቻ አይደለም፤ ከሚወደውም ይደበቃል። ቴስላ በሕይወቱ በጐ ነገር የሠራው ሌላው ሰው የሐሳቡን ጫፍ ይዞለት በነበረ ጊዜ ነው፤ ከሰው በተደበቀና በራቀ ጊዜ ሁሉ ወድቋል። ቀጥሎ ያለው ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል።

በ1882 ቡዳፔስት በሚገኝ የስልክ ድርጅት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ማምሻ ላይ ከጓደኛው ጋር በከተማው መናፈሻ ሲዘዋወር፣ ለዓመታት በልቡ ሲመላለስ የነበረው ጥያቄ በድንገት ተፈታለት። በበትር መሬቱ ላይ ሥዕሉን እየሣለ ለጓደኛው አስረዳው። ነገሩን በምሳሌ ልግለጸው። ልጆች ክብ ሠርተው ቆመው፣ በመካከላቸው ያለውን ሕፃን በተራ በተራ ቢጠሩት፣ ሕፃኑ ወደ ጠራው ሁሉ ፊቱን ሲያዞር በቦታው ላይ ይሽከረከራል። ማንም እጁን አልያዘውም። እንዲሁም በሞተሩ ዙሪያ ያሉ የሽቦ ጥቅሎች ኮረንት በተራ በተራ ሲደርሳቸው ማግኔታዊው ኃይል ዙሪያውን ይዞራል፤ በመካከል ያለው ብረትም ይከተለዋል። ብሩሽ የለም፤ የእሳት ፍንጣሪም የለም። ዛሬ በየወፍጮ ቤቱ፣ በየውኃ ፓምፑና በየፋብሪካው ከሚሠሩት ሞተሮች እጅግ የሚበዙት በዚህ ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ ተለዋዋጭ ኮረንትን የፈጠረው ቴስላ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት ሌሎች ያውቁት ነበር። በጣልያን አገርም ጋሊሌዎ ፌራሪስ የተባለ ሊቅ ራሱን ችሎ ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሷል። የቴስላ ታላቅነት ኃይሉን ከማመንጨት ጀምሮ በሞተር እስከ መጠቀም ያለውን እንደ አንድ ሥርዓት አድርጎ ማቅረቡ ነው።

ከቡዳፔስት ወደ ፓሪስ ሄዶ በኤዲሰን ኩባንያ ሠራ፤ በጁን 1884 ደግሞ ኒውዮርክ ደረሰ። ሲደርስ በኪሱ አራት ሳንቲም ብቻ እንደ ነበረው ይነገራል። በቶማስ ኤዲሰን ሥር ለጥቂት ወራት ሠርቶ፣ በገንዘብ ጉዳይ በተነሣ አለመግባባት ተለየ። ከዚያም ከባለ ገንዘቦች ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ መብራቱን ከሠራላቸው በኋላ ግን ትተውት ሄዱ። በ1886 ክረምት ያ ሁሉ ዕውቀት ያለው ሰው በኒውዮርክ መንገድ ላይ በቀን ሁለት ዶላር ቦይ ሲቈፍር ታየ።

ከቦዩ ውስጥ ያወጡት ሰዎች ነበሩ። አልፍሬድ ብራውንና ቻርለስ ፔክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሐሳቡን ሰምተው በ1887 ላቦራቶሪ አቋቋሙለት። በሚቀጥለው ዓመት በሜይ ወር የሞተሩን የፈጠራ መብት አገኘ፤ በዚያው ወር በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ፊት ንግግር አደረገ። ጆርጅ ዌስቲንግሐውስ የተባለ ባለ ኢንዱስትሪ መብቱን ለመጠቀም ተዋዋለው። ሞተሩም ወዲያው ለገበያ አልደረሰም፤ ቻርለስ ስኮትና ቤንጃሚን ላም የተባሉ የዌስቲንግሐውስ መሐንዲሶች ለዓመታት ደክመውበታል። አበው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

በዚያን ጊዜ ትልቅ ክርክር ነበር። ኤዲሰን የሚሸጠው ቀጥታ ኮረንት ሲሆን፣ ከማመንጫው ከአንድ ሁለት ኪሎ ሜትር አልፎ ለመድረስ ይቸገር ነበር። ተለዋዋጭ ኮረንት ግን በትራንስፎርመር ቮልቱን ከፍ አድርጎ ሩቅ መላክ፣ ሲደርስም ዝቅ አድርጎ በቤት መጠቀም ይቻላል። ቮልቱ ከፍ ሲል ያንኑ ኃይል ለመላክ የሚያስፈልገው ኮረንት ይቀንሳል፤ በሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነውም ይቀንሳል። የቀጥታ ኮረንት ወገኖች ተለዋዋጩ ገዳይ ነው ብለው ሕዝቡን ለማስፈራራት እንስሳትን በአደባባይ በኮረንት እስከ መግደል ደረሱ። ዳሩ ግን በ1893 የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተለዋዋጭ ኮረንት በራ። በኖቬምበር 1896 ደግሞ ከናያጋራ ፏፏቴ የመነጨው ኃይል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የባፋሎን ከተማ ደረሰ። ቴስላ ልጅ ሳለ የናያጋራን ሥዕል አይቶ፣ አንድ ቀን በዚህ ውኃ መንኰራኩር አዞራለሁ ይል እንደ ነበር ጽፏል።

አሁን ወደ ኳሷ እንመለስ። ቴስላ በ1891 በኒውዮርክ፣ በ1892 በለንደንና በፓሪስ በሊቃውንት ፊት ቆሞ፣ በሴኮንድ እጅግ ብዙ ጊዜ የሚለዋወጥ ከፍተኛ ቮልት በገዛ አካሉ አሳለፈ። ጋዝ ያለባቸው የመስተዋት ቱቦዎችም ሽቦ ሳይነካቸው በእጁ ላይ በሩ። በመካከላቸው አንድ ጉብታ ብቻ ያላቸው፣ በአንድ ሽቦ የሚሠሩ የመስተዋት ኳሶችንም አሳየ፤ በ1894 ለእንዲህ ያለው መብራት የፈጠራ መብት ተሰጠው። የኛዋ ኳስ ቅድመ አያት ይህች ናት። ጋዜጦች እንደ አስማተኛ ይጽፉለት ነበር። እሱ ግን ያደረገውን ሁሉ በቁጥርና በሥዕል እያስረዳ፣ የንግግሩን ጽሑፍ አሳትሞ ማንም እንዲሞክረው ሰጠ። ለእኒያ እናት የምመልሰው ዋናው መልስ ይኸው ነው፤ ጠንቋይ ምስጢሩን ይሸሽጋል፣ ሳይንስ ግን ሥራውን ለሁሉ ይገልጣል።

ቴስላ ኳሷን ለጨዋታ አልሠራትም። በየቤቱ የምትበራ፣ ሽቦ የማያስፈልጋት መብራት እንድትሆን ነበር ሐሳቡ። ይህ አልተሳካም፤ የኤዲሰን አምፖል ርካሽና ቀላል ስለ ነበር በየቤቱ ጸና። ለመብራት የታሰበችው ከብዙ ዓመታት በኋላ ለልጆች ማስተማሪያና መደነቂያ ሆና ተመለሰች። የሰው ድካም አንዳንድ ጊዜ ባላሰበው መንገድ ፍሬ ያፈራል።

በዚያው በ1892 የፓሪሱን ንግግር እንደ ጨረሰ፣ የእናቱ ሕመም እንደ ጸና መልእክት ደረሰው። ገስግሶ ሄዶ በሕይወት ደረሰባቸው፤ እርሳቸውም ወዲያው ዐረፉ። ዓለም ስሙን በሚያነሣበት በዚያ ሰሞን እሱ ከሐዘን የተነሣ ታሞ ለሳምንታት በትውልድ አገሩ ተኛ።

ከዚያ በኋላ መከራው ተከታተለ። በማርች 1895 በኒውዮርክ የነበረው ላቦራቶሪው በእሳት ጋየ፤ መሣሪያውና የጽሑፍ መዝገቡ ሁሉ ጠፋ፤ ኢንሹራንስም አልነበረውም። እንደ ገና ጀመረ። በ1898 ያለ ሽቦ ከሩቅ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ በሕዝብ ፊት አሳየ። በ1899 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በተባለ ከፍተኛ ቦታ ላይ ትልቅ ላቦራቶሪ ሠርቶ ብዙ ሜትር የሚረዝም ሰው ሠራሽ መብረቅ አወጣ። ከዚያ የተመለሰው የኤሌክትሪክ ኃይልን ያለ ሽቦ ለዓለም ሁሉ መላክ እችላለሁ በሚል ጽኑ እምነት ነበር።

ባለ ባንኩ ሞርጋን 150 ሺህ ዶላር ሰጡት። በሎንግ አይላንድ ዋርደንክሊፍ በተባለ ስፍራ 57 ሜትር የሚያህል ግንብ አቆመ። ነገር ግን በዲሴምበር 1901 ማርኮኒ በርካሽ መሣሪያ የሬዲዮ ምልክት ውቅያኖስ አሻገረ። ቴስላ ወጪውን አብዝቶ፣ ዓላማውንም ከፍ አድርጎ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ፤ ሞርጋን እምቢ አሉ። ሥራው ቆመ። ግንቡም በ1917 ፈርሶ ብረቱ ተሸጠ።

ብዙ ሰዎች ቴስላን ክፉዎች የቀሙት ጻድቅ አድርገው ብቻ ይተርኩታል። እውነቱ ግን ሁለት ወገን አለው። ዌስቲንግሐውስ በ1897 መብቱን በ216 ሺህ ዶላር ገደማ ገዝቶታል፤ በዚያን ዘመን ይህ ታላቅ ሀብት ነበር። ገንዘቡ በሙከራና በውድ ሆቴል ኑሮ አለቀ። ኃይልን ያለ ሽቦ በመሬት በኩል ለዓለም ሁሉ ማዳረስ ይቻላል ያለው ሐሳብ እሱ እንዳለው አልሠራም። በቀደመው ዘመኑ ሥራውን የሚመረምሩለት ሸሪኮችና መሐንዲሶች ነበሩት፤ በኋላ ግን ብቻውን ሆነ። አዲሶቹን ሊቃውንት አልሰማም፤ ስለ ኤሌክትሮን የተባለውን ይጠራጠር ነበር፤ የአይንሽታይንንም ትምህርት ይነቅፍ ነበር። በራሱ መስተዋት ኳስ ውስጥ የሚያበሩትን ኤሌክትሮኖች በሚገባ አለመቀበሉ የሚያሳዝን ነገር ነው። በግራዝ ከቤተ ሰቡ የተደበቀው ወጣት በሽምግልናውም ከእርምት ተደብቆ ኖረ።

ቢሆንም ልቡ ክፉ አልነበረም። አላገባም፤ ልጅም አልነበረው። በኒውዮርክ መናፈሻዎች እርግቦችን ይመግብ ነበር፤ የታመሙትን ወደ ክፍሉ ወስዶ ያስታምማቸው ነበር። ከ1934 ጀምሮ የዌስቲንግሐውስ ኩባንያ በየወሩ 125 ዶላርና የቤት ኪራዩን ይከፍልለት ነበር። በ1937 መንገድ ሲያቋርጥ ታክሲ ገጨው፤ ከዚያ ወዲህ ደኅና ጤና አላገኘም። በመጨረሻ ኒውዮርከር በተባለው ሆቴል 33ኛ ፎቅ ላይ በ86 ዓመቱ ብቻውን ዐረፈ። ዕለቱ ጃንዋሪ 7 ቀን 1943 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1935 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለእኛም ለአባቱ ቤተ ክርስቲያንም የልደት በዓል ቀን ነው። በዚያ የበዓል ዕለት፣ የቄሱ ልጅ በሩቅ አገር ከአጠገቡ ሰው ሳይኖር ሄደ። በቀብር ጸሎቱ ላይ ግን 2 ሺህ ያህል ሰዎች ተገኙ። በ1960 የዓለም ሊቃውንት የማግኔት ኃይል ጥግግት መለኪያውን ቴስላ ብለው ሰየሙት፤ በፊዚክስ መጽሐፋችን ላይ የምናገኘው ይህ ስም ነው።

ይህ ሁሉ ለቦምቤ ልጅ ምኑ ነው የሚል ቢኖር፣ ወደ ምዕራብ ይመልከት። በወላይታና በዳውሮ መካከል በሚፈሰው የኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ቁመቱ 243 ሜትር ነው። በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በውስጡ ያሉት አሥር ተርባይኖች በጠቅላላው 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አላቸው። የሚያመነጩት ተለዋዋጭ ኮረንት ነው፤ ቮልቱም በትራንስፎርመር ወደ 400 ሺህ ከፍ ብሎ በትልልቆቹ የብረት ምሰሶዎች ላይ ወደ ወላይታ ሶዶ ይመጣል። ቴስላ በናያጋራ ያየው ሕልም በእኛው ደጃፍ ያልፋል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሶዶ ላይ የሚሆነው ነው። ከዚያ እስከ ኬንያ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መስመር ተዘርግቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ለኬንያ ኃይል መሸጥ ተጀመረበት። ይህ መስመር በ500 ሺህ ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ የሚሄድበት ግን ቀጥታ ኮረንት ነው። በኤዲሰን ዘመን ቀጥታውን ኮረንት ወደ ከፍተኛ ቮልት የሚያወጣ መሣሪያ አልነበረም፤ ዛሬ አለ። እጅግ ሩቅ ለሆነ መንገድ ደግሞ ብክነቱ ያነሰ የሚሆነው ቀጥታው ነው። ስለዚህ ተለዋዋጩ ሶዶ ደርሶ ወደ ቀጥታ ይለወጣል፤ ኬንያ ሲደርስ መልሶ ተለዋዋጭ ይሆናል። በአሜሪካ ሲጣሉ የኖሩት ሁለቱ ኮረንቶች በወላይታ ምድር ታርቀው አንዱ የሌላውን ሸክም ይቀበላል። ኤዲሰንም ቴስላም ይህን ሳያዩ አልፈዋል።

ይህም ሁሉ ሆኖ በዚያ እሑድ አዳራሻችን ውስጥ መብራት ሄዶ ነበር። ታላቁ መስመር በአጠገብ ማለፉ ብቻ በየቤቱ ያለውን ጨለማ አያስወግድም። ከትልቁ ምሰሶ እስከ ትንሹ ጎጆ ያለውን መንገድ የሚሠራ ሰው ገና ያስፈልጋል፤ ይህም ሥራ የሚጠብቀው የእኛን ትውልድ ነው። ከመካከላችሁ መሐንዲስ ለመሆን የምትመኙ ካላችሁ ከቴስላ ሁለት ነገር ውሰዱ። የማይሆን ነው በተባለ ጊዜ ጥያቄውን በልብ ይዞ መኖርን ውሰዱ፤ ብቻ መሆንን ግን ለእርሱ ተዉለት።

እኔ የራሴን ጀምሬአለሁ። ይህን ጽሑፍ ስጀምር በነበረው ሳምንት ስለ ማስጠንቀቂያው ለእናቴ ነገርኋት። ብዙ አልተናገረችም፤ ቡና አፈላችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከዚያም የቀረኝን ትምህርት አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ምንም እንኳ ስለ ፊዚክስ የማታውቅ ብትሆን ሁሉንም ሰማችኝ። በቀጣዩ መንፈቅ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ማጥናት ጀመርሁ፤ ውጤቴም ተስተካከለ።

ኳሷን በሰንበት ትምህርት ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ትቻታለሁ። መብራት ሲኖር አውጥታችሁ ሰኩአት። ብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ ጣታቸውን ሲያሳርፉባት ክሮቿ ተከፋፍለው ለሁሉም ሲዳረሱ ታያላችሁ። ያቺ ጥያቄ የጠየቁኝ እናትም ቢመጡ፣ ከፊት ወንበር አስቀምጡልኝ።